የፈረሰው የእድር ቤት



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ በዚህ የታሪክ ዝግጅታችን ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ መስጊዶች፣ ስለ ዑለማዎችና ስለ ቂርኣት ቤቶች ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ የእድር ቤት እናወራለን። ቤቱ በምሥራቅ ጎጃም ካሉት ከተሞች በአንዱ፣ እኔ ባደግኩበት ሰፈር መካከል፣ ከዋናው መንገድ ዳር ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው፤ መስኮት የለውም። ውስጡ ድንኳንና ምሰሶ፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ሰታቴ ድስቶች፣ ትሪና ብርጭቆ፣ አንድ ቃሬዛ፣ እንዲሁም በቆዳ የተለበጠ መዝገብ የሚቀመጥበት የእንጨት ሣጥን ነበር። መንገዱ ሲሰፋ ፈረሰ። ዛሬ ቦታው አስፋልት ነው።

እንዲህ ያለ ቤት ደግሞ ምን ታሪክ አለው? የምትሉ ትኖራላችሁ። አለው። እንዲያውም የደብረ ማርቆስና የአካባቢዋ ከተሞች ሙስሊም ነዋሪ ከጎረቤቱ እኩል ስሙ ተጽፎ የኖረበትን ቦታ የሚፈልግ ሰው ከእድር መዝገብ ቢጀምር አይሳሳትም።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ወደ መዲና እንሂድ። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) በሙእታ ዘመቻ ሸሂድ ሆኑ። ዜናው መዲና በደረሰ ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለጀዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራላቸው አዘዙ፤ የደረሰባቸው ሐዘን ከሌላው ጉዳይ ሁሉ ይዟቸዋልና። ይህንን አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚና ኢብኑ ማጃህ ዘግበውታል። የሐዘንተኛ ቤት እሳት እንዳያነድ፣ ጎረቤት አብስሎ እንዲሄድ የሚያዘው ሱንና መሠረቱ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ልብ የማንለው ነገር አለ። ጀዕፈር (ረ.ዐ.) ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሙስሊሞች ወክለው በነጃሺ ፊት የተናገሩት ሰው ናቸው። ባለቤታቸው አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) ዓመታትን ከእርሳቸው ጋር በሐበሻ አሳልፈዋል፤ ልጆቻቸውም የተወለዱት እዚሁ ነው። ወደ መዲና የገቡት በኸይበር ጊዜ፣ በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ነበር። እንግዲህ ጎረቤት ምግብ ይዞ እንዲሄድለት የታዘዘለት ያ ቤተሰብ ከሐበሻ ከተመለሰ ገና ከአንድ ዓመት ብዙም ያላለፈው፣ በሐበሻ ምድር በስደት የኖረና የሐበሻን ጎረቤትነት የቀመሰ ቤተሰብ ነበር።

ይህንን ሱንና በእኛ አገር በመዋጮ፣ በድስትና በመዝገብ ያስያዘው እድር ነው። እድር የሚመስለንን ያህል ጥንታዊ አይደለም። ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች አጀማመሩን በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ አዲስ አበባ ከገቡ ስደተኞች፣ በተለይም ከጉራጌ አገር ከመጡት ጋር ያያይዙታል። በጣልያን ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ ተስፋፋ፤ ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞችም ዘለቀ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በገጠር ሰው ሲሞት ዘመድ አለ። ከተማ የገባ ሰው ግን ዘመዱ ሩቅ ነው፤ ቀባሪውን ገና በቁሙ ሳለ መፈለግ አለበት።

ለጎጃም ሙስሊም ደግሞ ከዘመድና ከመሬት ርቆ መኖር አዲስ ነገር አልነበረም። በእኛ አካባቢ «ነጋዴ» ማለት ሙስሊም ማለት የነበረበት ዘመን ነበር። ንግዱ ምርጫ ብቻ አልነበረም። ርስት ከአባት አያት የሚወረድ፣ በክርስቲያን ቤተሰብ የዘር ሐረግ የሚቆጠር በመሆኑ ሙስሊሙ ከዚያ ውጭ ነበር። እርሻ የሌለው ሰው የቀረው ሽመና፣ ቆዳ ማልፋትና ንግድ ነው። በ1668 እ.ኤ.አ. በጎንደር በዐጤ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወስኖ ነበር። ተለይቶ መስፈር በንጉሥ ቃል የታዘዘ ነገር ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ነበረው ዘመን ስንመጣ የባሶን ገበያ እናገኛለን። ባሶ ከዐባይ ሸለቆ በላይ፣ በዛሬዋ የጁቤ አካባቢ የነበረ ገበያ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ከጊቤ አገሮች ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ወርቅ በጉዱሩ በኩል ዐባይን ተሻግሮ እዚህ ይደርሳል፤ ከሰሜን አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ዶቃ ይመጣል። ባሪያም ይሸጥ ነበር፤ የራሳችንን ታሪክ ስንናገር ይህንን መዝለል አይገባንም። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጎጃም የቆየው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ መኖሪያውን በባሶ አቅራቢያ በየውሽ አድርጎ የገበያውን ሁኔታ በዝርዝር ጽፎ አስቀርቷል። ከባሶ እስከ ጎንደር፣ ከጎንደር እስከ ምጽዋ የሚጓዘውን ቅፍለት የሚመሩት በአብዛኛው ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ። «ቅፍለት» የሚለው ቃላችን ራሱ ከዐረብኛው «ቃፊላ» የመጣ ነው። ብቻውን የሚሄድ ነጋዴ ይዘረፋል፤ ስለዚህ ተጠባብቆ በጋራ መጓዝ ግድ ነው። መንገድ ላይ የሞተን ሰው የሚያጥበው፣ የሚገንዘውና ሰላት የሚሰግድበት የጉዞ ጓደኛው ነው። እድር የሚባል ስም ሳይኖር የእድር ሥራ በቅፍለቱ ውስጥ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በ1878 እ.ኤ.አ. ደግሞ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ መጣ። በዐጤ ዮሐንስ አራተኛ ትእዛዝ ሙስሊሙ እንዲጠመቅ ተገደደ፤ ብዙዎች ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ቀሪው በልቡ እምነቱን ይዞ ቆየ። ይህን ታሪክ በሌላ ዝግጅት በሰፊው ስለተናገርን እዚህ አንደግመውም። ለዛሬው ነገራችን የሚያስፈልገን አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ በስሙ የሚጠራ መሬት የሌለው ሰው መኖሪያውም መቀበሪያውም በሌላ ሰው ፈቃድ ነው።

አሁን ወደ ከተማው እንመለስ። የጎጃም ክርስቲያን ሰንበቴና ማኅበር አለው። ሰንበቴው የሚበላበት ቤት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ነው። ያ ቤት በቀላሉ የሚነካው የለም፤ ቅጥሩ ይጠብቀዋል። እድር ግን የሁሉም በመሆኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይገባም፤ ወደ መስጊድ ግቢም አይገባም። ቤቱን የሚሠራው መንደር መካከል፣ ድንኳንና ወንበር በሸክምና በጋሪ ለማውጣት በሚመች ቦታ፣ ማለትም መንገድ ዳር ነው። የሁሉም መሆኑ መንገድ ዳር አወጣው፤ መንገድ ዳር መሆኑ ደግሞ መንገድ በሰፋ ቁጥር መጀመሪያ የሚፈርስ አደረገው። የእኛን ቤት ታሪክ ባጭሩ ንገረን ብትሉኝ ይኸው ነው።

መሬት የሌላቸው የእጅ ባለሙያዎች ተሰብስበው የጋራ ቤት ማቆማቸው በእስልምና ታሪክ እንግዳ ነገር አይደለም። ኢብኑ በጡጣ በ1330ዎቹ እ.ኤ.አ. አናጦልያን ሲጎበኝ በአንጣልያ ከተማ ያረጀ ልብስ የለበሰ ሰው ለእራት ጠራው። ይህ ድሃ እኔንና ጓደኞቼን እንዴት ይችላል ብሎ ተገረመ። ሰውየው ግን ጫማ ሰፊ ሆኖ ሁለት መቶ ያህል የእጅ ባለሙያዎች የተሰባሰቡበት የወንድማማቾች ማኅበር አለቃ ነበር። ቀን ሠርተው ያገኙትን ከዐስር በኋላ ያዋጣሉ፤ በጋራ ቤታቸው ምንጣፍ ያነጥፋሉ፣ መብራት ያበራሉ፣ መንገደኛ ያበላሉ። «አኺ» ይባሉ ነበር። የእኛዎቹ ሸማኔዎችና ቸርቻሪዎች ስለ አኺዎች ሰምተው አያውቁም፤ የሠሩት ግን ተመሳሳይ ነው።

የእድር ቤታችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ድስት ነበር። ለክርስቲያን ሐዘን የሚወጣው አንድ ወገን፣ ለሙስሊም ሐዘን የሚወጣው ሌላ ወገን ይቀመጣል። የሙስሊሙ ድስት ክዳን ላይ በአረንጓዴ ቀለም ምልክት ተደርጎበታል። ጎጃም ውስጥ የእስላም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ አይቀላቀልም፤ ሁሉም ያውቀዋል፤ ማንም አይከፋም። የሚገርመው በጾም ወራት የሚሆነው ነበር። በዐቢይ ጾም ክርስቲያን ጎረቤት ሲሞት የሚቀርበው ሽሮና ክክ ወጥ ስለሆነ ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንበላ ነበር። እናቴ «የጾም ወጥ ሃይማኖት የለውም» ትል ነበር።

ሙስሊም ሲሞት ደግሞ ነገሩ ይፋጠናል። ጀናዛ አያድርም። ስለዚህ ጥሩምባ ነፊው የሙስሊም ሞት ሲነገረው ሱብሒ ሳይደርስ ይወጣል፤ ዕቃ ቤት ኃላፊውም በሌሊት ይቀሰቀሳል። ማጠቡና ከፈኑ የመስጊዱ ጀማዓ ድርሻ ነው። ድንኳን መትከሉ፣ ወንበር መደርደሩና ውኃ መቅዳቱ የእድሩ ነው። ኃላፊው ክርስቲያን ነበሩ፤ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ፋኖስ ይዘው፣ ቁልፉን በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሲመጡ ዛሬም በዓይኔ ላይ ነው።

እድርን ሁሉም ዑለማ አልወደደውም። በመዋጮው ጠላና አረቄ ይገዛበታል፣ ሙሾና ደረት መምታት ያለበት ቦታ ሙስሊም ምን ይሠራል የሚል ተቃውሞ ነበር፤ ተቃውሞውም መሠረት አለው። በእኛ እድር ይህ ጉዳይ ተነሥቶ ለመጠጥ የሚወጣ ገንዘብ ከጋራው ሣጥን እንዳይወጣ በደንቡ ገባ፤ መጠጥ የሚፈልግ ቤተሰብ በራሱ ይገዛል። እንዲህ ያለ መፍትሔ የሚገኘው ግን አብሮ ተቀምጦ ሲከራከሩ ነው። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት በብዙ ከተሞች ሙስሊሙ የራሱን፣ ክርስቲያኑም የራሱን እድር እያቋቋመ ተለያይቷል። የጀናዛ ጉዳይ በመስጊድ ጀማዓ ቢደራጅ እሰየው ነው። ከሰፈሩ እድር ጨርሶ መውጣት ግን በእኔ አስተያየት ስሕተት ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 በሞጣ መስጊዶች ሲቃጠሉ፣ የሙስሊም ሱቆችም ሲዘረፉና ሲነዱ፣ እንደ ሁላችሁም «ጎረቤት የት ነበር?» ብዬ ጠይቄአለሁ። ጥያቄው ግን ወደ ራሴም ተመለሰ። እኔስ የጎረቤቴን ሐዘን ድንኳን ለመጨረሻ ጊዜ የተከልኩት መቼ ነበር?

ወደ ቤቱ ታሪክ እንመለስ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ በተደረገው ታላቅ ሰልፍ ሙስሊሞች ካቀረቧቸው 13 ጥያቄዎች አንዱ የመሬት ባለቤትነት መብት ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967፣ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ የጎጃም ገጠር ሙስሊምም በአዋጁ መሬት የማረስ መብት አገኘ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ታወጀ። ለኪራይ የሠራው ቤት የነበረው እድር ኪራዩን አጣ። ከመቶ ብር በታች የሚከራዩ ቤቶች በቀበሌ ሥር ሆኑ። የእኛው የዕቃ ቤት ግን ማንም ስላልተከራየው ስሙ በየትም ሳይጻፍ ቀረ። በጊዜው እንደ ዕድል ተቆጥሮ ነበር። ጉዳቱ የታየው በኋላ ነው።

እድር በሕግ ፊት ንብረት ሊኖረው ይችላል፤ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማኅበራት ሰፊ ምዕራፍ አለው። ግን ስንቱ እድር ነው ተመዝግቦ፣ ለቤቱ ካርታ አውጥቶ የሚገኘው? ሽማግሌዎቻችን «ማን ይነካዋል» ብለው ተቀመጡ። መንገዱ ሊሰፋ ምልክት ሲደረግ ሰነድ ተጠየቀ። ሰነድ የለም። የቀረበው የእድሩ መዝገብ ነበር፤ እርሱ ደግሞ የሟቾችንና የመዋጮን ዝርዝር እንጂ የቦታን ስፋት አይናገርም። ካሳ ሳይከፈል ፈረሰ። ቆርቆሮውን እንድናነሣ ሦስት ቀን ተሰጠን።

እንዲህ የሆነው የእኛ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በ2016 የፒያሳ፣ በ2017 የካዛንቺስ አሮጌ ሰፈሮች በኮሪደር ልማት ፈርሰው ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ተዛውሯል። ሰው ከሰፈሩ ሲነሣ እድሩም አብሮ ይበተናል። መንገድ መስፋት የለበትም አልልም፤ ያ ጠባብ መንገድ ስንት ሰው እንደ ገደለ ከእኛ መዝገብ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በ2011 የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከቤትና ከተክል ግምት ሌላ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ እንደሚከፈል ይናገራል። ቃሉን ሳነበው የእድር ቤታችን ትዝ አለኝ። ሕጉ ቢያንስ የሚፈርሰው ግድግዳ ብቻ እንዳልሆነ አውቋል። የእድር ቤት ያላችሁ አድማጮች ግን ምልክት እስኪደረግ አትጠብቁ፤ ምዝገባውንና ካርታውን ዛሬ ጠይቁ።

የመዝገብን ነገር ካነሣሁ ስለ ዳሩል አርቀም አንድ ነገር ልበል። በመካ ሶፋ አጠገብ የነበረው የአርቀም (ረ.ዐ.) ቤት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ተደብቀው የሚሰባሰቡበት ነበር። ዑመር (ረ.ዐ.) እስልምናን የተቀበሉት እዚያ ነው። አርቀም ቤቱን እንዳይሸጥና እንዳይወረስ አድርገው ለልጆቻቸው ሰደቃ አድርገውት ነበር፤ ያም ሆኖ በዐባሲዮች ዘመን ወደ ኸሊፋዎች እጅ ገባ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የሐረም መስጊድ ሲስፋፋ ፈረሰ። ቤቱ የለም። ነገር ግን ኢብኑ ሰዕድ ስለ ሰሐቦች ሲጽፉ እገሌ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ አርቀም ቤት ከመግባታቸው በፊት ሰለመ፣ እገሌ ከገቡ በኋላ ሰለመ እያሉ ነው የሚቆጥሩት። የሰዎቹ ስም በቤቱ ተቆጥሮ ስለተጻፈ ቤቱ እስከ ዛሬ የዘመን መለኪያ ሆኖ ቀርቷል።

የእኛ መዝገብ አሁን ከቀድሞው ጸሐፊ ልጅ ዘንድ ነው። ባለፈው ሄጄ አገላብጬዋለሁ። ገጹ በሦስት ዓምድ ተሰምሯል፤ ስም፣ የገባበት ቀን፣ መዋጮ። የአባቴ ስም ከአንድ ዲያቆንና ከአንዲት ጠላ ሻጭ መካከል ነው ያለው። ከአባቴ ፊት ሐጅ፣ ከዲያቆኑ ፊት መሪጌታ የሚል ማዕረግ የለም፤ ጸሐፊው ሁሉንም «አቶ» ብለው ነው የጻፉት። በአባታቸው ስም እንጂ በሃይማኖታቸው አልተለዩም። ቅጣት የተከፈለበትም አለ። አባቴ በአንድ ሐምሌ ወር ከቀብር በመቅረቱ ሃምሳ ሳንቲም ተቀጥቷል፤ ከጎኑ «ታሞ እንደነበር ስለተረጋገጠ ተመልሶለታል» የሚል ተጽፏል። ገጾቹን በስልኬ አንድ በአንድ ፎቶ አንሥቻቸዋለሁ።

ዕቃው ቤቱ ሲፈርስ በየአባሉ ቤት ተከፋፈለ። ድንኳኑ አንድ ጋራዥ ውስጥ፣ ወንበሮቹ ሦስት ቦታ ናቸው። አረንጓዴ ምልክት ያለበት ትልቁ ሰታቴ እናቴ ቤት ደረሰ፤ ማድቤት ስለማይገባላት ከደጅ በሸራ ሸፍና አስቀምጣዋለች። ባለፈው ሸዋል አንድ ሙስሊም ጎረቤት ሞተው ሌሊት በሩ ተንኳኳ። ያንኳኳው የዚያ ፋኖስ ይዘው ይመጡ የነበሩት የዕቃ ቤት ኃላፊ የልጅ ልጅ ነበር፤ ድስቱን ሊወስድ ነው የመጣው። በሦስተኛው ቀን አጥቦ መለሰው።